የማላውቀው ዕዳ ኮሌክሽን ገብቶብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሰሞኑን አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት በስልክ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል። ዳላስ ውስጥ ለተከራየኸው አፓርታማ 2,840 ዶላር ቀርቶብሃል ይላሉ። ቴክሳስ ኖሬ አላውቅም። አውሮፕላን ለመቀየር ካልሆነ ረግጫትም አላውቅ። ይህን ስነግራት የደወለችው ሴትዮ ስሜን በሙሉ ጠራች፤ ልክ ነው አልኳት። የልደት ቀንህ ጃንዋሪ 1 ነው ወይ አለች፤ እሱም ልክ ነው። እንግዲያው ዕዳው ያንተ ነው ብላ ደመደመች። ቀጥላ የሶሻልህን (የሶሻል ሴኩሪቲ መለያ ቁጥርህን) የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አረጋግጥልኝ ስትል ስልኩን ዘጋሁት።

ባለቤቴ ከፍለን እንረፍ ትላለች። ቤት ለመግዛት ብድር እየጠየቅን ስለሆነ ክሬዲታችን፣ ማለትም የብድር ታሪካችን፣ ይበላሻል ብላ ሰግታለች። እኔ ደግሞ ያልበላሁትን ዕዳ መክፈል አንጀቴ እምቢ አለ። ዝም ልበል? ግማሹን ሰጥቼ ልገላገል? ጠበቃ ልያዝ? የደረሰበት ሰው ካለ ይምከረኝ ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ዘግይታችሁ የመጣችሁ ሁሉንም እንዳታነቡ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ። የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ከሲያትል ነው፤ በጣም ትሁት ሰው። ቁጥሩን ብሎክ አድርግና ተኛ ብሎኛል። እሱም እንዲሁ ተደውሎለት ዝም ሲላቸው ዝም እንዳሉት ነው የጻፈው። አጭበርባሪ የበዛበት ዘመን ስለሆነ አይፈረድበትም። ግን ምክሩ ሁለት ሰዓትም አልቆየ፣ ተነሡበት።

2. ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የጠበቃ ቢሮ ለዓመታት የሠራች እህት መጣች። የዚህ የውይይት ክር ዋልታ እሷ ናት፤ ከታች ደጋግሜ አነሣታለሁ። አንደኛውን መላሽ በጨዋ ደንብ አረመችው። ብሎክ ማድረግ ስልኩን እንጂ ዕዳውን አያስቆምም አለችው። በ1977 የወጣ የፌደራል ሕግ አለ፤ የዕዳ ሰብሳቢዎችን ሥራ የሚገዛው እሱ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሰብሳቢው መጀመሪያ ካነጋገረህ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቂያ መላክ አለበት። ዕዳው ለማን እንደሆነና ስንት እንደሆነ ይጻፍበታል። ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ ደግሞ ሒሳቡ በዝርዝር መቅረብ አለበት። ዋናው ምን ያህል ነበር፣ ወለድና ክፍያ ምን ተጨመረበት፣ ምን ተከፈለ የሚለው ሁሉ። ከታች ተቀዶ የሚላክ የተቃውሞ ቅጽም አለው።

ማሳወቂያው ከደረሰህ ጀምሮ 30 ቀን አለህ። በዚያ ውስጥ ዕዳው የእኔ አይደለም፣ ማስረጃ አቅርቡ ብለህ በጽሑፍ ከላክህ፣ ማረጋገጫ እስኪልኩልህ ድረስ መሰብሰባቸውን ማቆም ግዴታቸው ነው። በስልክ መቃወም ይህን መብት አያስገኝም። እሷ ሦስቴ ደጋግማ የጻፈችው ይህንኑ ነው። በሰርቲፋይድ ሜይል ላክ፣ መቀበላቸው የሚፈረምበትን ካርድ ጨምር፣ ኮፒውን አስቀር። ደብዳቤው ላይ ሙሉ ሶሻል አይጻፍም። ዕዳዬ የሚል ቃልም አይጻፍም፤ የምትሉት ዕዳ ይባላል እንጂ።

መጨረሻ ላይ የጻፈችው ደግሞ ሌላ ቦታ አንብቤው የማላውቅ ነው። ማረጋገጫ የሚለው ነገር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም አለች። ብዙ ፍርድ ቤቶች ሰብሳቢው ከዋናው ገንዘብ ጠያቂ ጋር ስምና መጠን ማመሳከሩን ብቻ ይበቃል ይላሉ። ፊርማህ ያለበትን የኪራይ ውል የማምጣት ግዴታ የለባቸውም ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ልኮ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የለም፤ የሰውን የብድር ታሪክ በሚመዘግቡት በክሬዲት ቢሮዎቹም በኩል ጎን ለጎን መሄድ ያስፈልጋል።

3. አጭር ጥያቄ ነው። ደብዳቤው ባይደርሰውስ? አድራሻው ዳላስ ከሆነ ደብዳቤውም ዳላስ ሄዶ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ። 2 ቁጥር ተመልሳ ስልኩን አንሣ አለችኝ። የድርጅቱን ስም፣ የፖስታ አድራሻና የፋይል ቁጥሩን ብቻ ጠይቅ፣ ማሳወቂያውን ትክክለኛ አድራሻህ ላይ እንዲልኩ ንገር፣ ከዚያ ዝጋ። ስለዕዳው ክርክር አትግባ። አድራሻ አንሰጥም ካሉ፣ ዛሬ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል ካሉ፣ ወይም በጊፍት ካርድ ክፈል ካሉ ሌባ ናቸው፤ ያኔ የ1 ቁጥር ምክር ይሠራል ብላ ሰውየውን ካሰችው።

4. ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ነጥብ የሚባል ነገር የለውም፣ ግን ልብ ይነካል። የማያውቀው የሐኪም ቤት ዕዳ መጥቶበት ሌሊት ሠርቶ ቀን ሲተኛ እየደወሉ ሲቀሰቅሱት ተሰላችቶ 50 ዶላር በካርድ ከፈለ። ልገላገል ብሎ ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ከፈልክ ማለት አመንክ ማለት ነው አሉት፤ የካርዱንም ቁጥር ስለያዙት በሚቀጥለው ወር ሳይጠይቁት እንደገና ወሰዱ። ካርዱን እስከመቀየር ደረሰ። ባለቤቴ ይህን ካነበበች በኋላ ከፍለን እንረፍ የሚለውን ነገር አላነሣችም።

5. ይህኛው ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ ግን የጻፈው እውነት ነው። ከፍርድ ቤት አንፃር ዕዳ ዕድሜ አለው። ሜሪላንድና ዲሲ በአብዛኛው ሦስት ዓመት፣ ቨርጂኒያ በጽሑፍ ለተፈረመ ውል አምስት ዓመት፣ ቴክሳስ አራት ዓመት። ከዚያ ካለፈ ሰብሳቢው መክሰስም እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራትም አይችልም። በብዙ ስቴቶች ግን ትንሽ ገንዘብ ከከፈልክ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የ4 ቁጥር 50 ዶላር ከመሰለው በላይ አደገኛ ነበረች አለ። ታክሲ ነጂው መልሶ አመሰግናለሁ፣ አሁን ደግሞ እንቅልፌን ነሳኸኝ ብሎ ጻፈለት።

አንድ ሰው ደግሞ ዕድሜው ካለፈ ከክሬዲት ሪፖርቴም ይወጣል ማለት ነው ብሎ በመሐል ገባ። አይደለም። የሪፖርቱ ሰባት ዓመት ነው፤ የፍርድ ቤቱ ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

6. ጉዳዬን የፈታችው ይቺ ናት። ሚኒያፖሊስ የምትኖር የባንክ ሠራተኛ። ሌላው ሁሉ ሕግ ሲጠቅስ እሷ ጃንዋሪ 1 የምትለዋን ቃል ከጥያቄዬ መዝዛ አወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ ነው በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደው? በስደተኛ ካምፕ በኩል የመጣ፣ የልደት ቀኑን በቅጡ የማያውቅ፣ ወይም ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተቸገረ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎለታል። ስማችን ደግሞ የራስና የአባት ነው። የአባት ስም ላስት ኔም ተብሎ ይገባል። የተለመደ ስምና የተለመደ የአባት ስም ያለው ሰው አሜሪካ ውስጥ ሞክሼ አያጣም። ዓመተ ምሕረቱም ከተገጣጠመ፣ ኮምፒውተር ሁለቱን ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። አጻጻፉ ሲለያይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ያው ሰው ስሙን አሳስቶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ሌባ ላይኖር ይችላል አለችኝ። ዳላስ ውስጥ ያንተ ሞክሼ የኪራይ ዕዳ ትቶ ሄዶ፣ ሰብሳቢው በስምና በልደት ቀን ሲፈልግ ያገኘው አንተን ይሆናል። ወይም ከዚያ የባሰው፣ የሁለታችሁ የክሬዲት ፋይል ተደባልቆ ይሆናል።

ከሦስቱም ቢሮዎች፣ ከኢኩፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ ሪፖርትህን አውጣ፤ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። ዕዳውን ብቻ አትይ፤ የስምህን አጻጻፎች፣ የቀድሞ አድራሻዎችህንና የሥራ ቦታዎችህን እይ። ኖረህበት የማታውቀው አድራሻ ካለ ፋይሉ ተቀላቅሏል። አወጣሁ። አንዱ ቢሮ ላይ ዳላስ ውስጥ ያለ አፓርታማ የቀድሞ አድራሻዬ ተብሎ ተቀምጧል። ሰርቼ የማላውቅበት መጋዘንም አሠሪዬ ሆኗል። ሌሎቹ ሁለቱ ንጹሕ ናቸው።

7. ወዲያው አንድ ሰው ተቀበላት። እሱና ታናሽ ወንድሙ ኬንያ ካለው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ አብረው ነው የመጡት። አንድ ቀን፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ሶሻል አመለከቱ፤ ቁጥራቸው በመጨረሻዋ ዲጂት ብቻ ነው የሚለያየው። በፈረንጆች 2011 አጋማሽ ቁጥሩ በዘፈቀደ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ አብሮ ያመለከተ ቤተሰብ ተከታታይ ቁጥር ማግኘቱ የተለመደ ነበር። የአባት ስም አንድ፣ አድራሻ አንድ፣ ልደት ሁለቱም ጃንዋሪ 1፣ ሶሻል በአንድ ዲጂት ልዩነት። የወንድሙ የመኪና ብድር እሱ ላይ ተቆጥሮ ቆይቷል። ለቢሮው በጻፈው ደብዳቤ ይህ ዕዳ የእኔ አይደለም ማለቱን ትቶ፣ ይህ ፋይል የሁለት ሰው ነው ብሎ፣ የሁለቱንም መታወቂያ አያይዞ ላከ። ያኔ ነው የተለያዩት። ለምን መጀመሪያ በድረ ገጽ እንዳልሠራለት ሲያስረዳም፣ ድረ ገጹ ላይ ከተደረደሩት ምክንያቶች አንዱን መምረጥ እንጂ ታሪኩን ማስረዳት አይቻልም ይላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔም በፖስታ ነው ያደረግኩት።

8. እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ይሄኛው መጣና አበላሸው። ስምንተኛው መላሽ አፓርታማ የሚያከራይ ነኝ ይላል፤ ከተማውን አልጠቀሰም። የእኛ ሰው ሦስት ወር ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ይጠፋል፣ ከዚያ የእኔ አይደለም እያለ መድረክ ላይ ያለቅሳል ብሎ ጻፈ። እኔን ማለቱ ነው። ቀጥሎም ንጹሕ ሰው ሰብሳቢ ሲደውልለት አይደነግጥም የሚል ጨመረ።

9. ከ8 ቁጥር ጋር ሊደባደብ የደረሰ ሰው። ያለውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሹ ተሰርዟል። የቀረው ፍሬ ነገር፣ ንጹሕ ሰው ነው የሚደነግጠው፤ ዕዳ ያለበትማ ጥሪውን ሲጠብቅ ነው የከረመው የሚል ነው። ይህችን ወድጃታለሁ።

10. 8 ቁጥር ተመልሶ የደረሰበትን ኪሳራ ዘረዘረ። እውነት ለመናገር ተከራዮቹ በድለውታል። ግን የእሱ ተከራይ እኔ አይደለሁም። 2 ቁጥር ገብታ ከሁለታቸውም ሳትወግን አንድ ነገር አለች፤ አከራዩም የሚጠቀመው ትክክለኛው ባለዕዳ ሲገኝ ነው፣ የተሳሳተ ሰው መከታተል ለሱም ገንዘብ አያመጣም። ሰውየው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

11. እዚህ ላይ ነገሩ ከእኔ ጉዳይ ወጣ። አትላንታ የምትኖር ልጅ ናት። አሜሪካ ስትገባ አጎቷ ቤት ነበር ያረፈችው። ሶሻሏ የመጣው በሱ አድራሻ ነው። ከዓመታት በኋላ በስሟ የተከፈተ የመብራትና የስልክ ሒሳብ ኮሌክሽን ገብቶ አገኘችው። ማን እንደከፈተው አውቃለች። አጎቷን ስትጠይቀው ቤቴ አልኖርሽም ወይ አላት። የኔ ጥያቄ አይከብድም፣ የሷ ነው የሚከብደው። ስርቆት ነው ብላ ሪፖርት ታድርግ፣ ወይስ ትክፈል?

መድረኩ ለሁለት ተከፈለ። እርስ በርሳቸው የተመላለሱትን በአንድ ላይ ላድርገው።

12. አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ እያለ ሁሉም የሚጠራቸው፣ በሽማግሌ ይታይ አሉ። አጎትሽን ፖሊስ ጋ ከመውሰድሽ በፊት ሁለት ሦስት ሰው ልኮ ክፈል ማስባል ይሻላል፤ አጎት ነገ ሠርግሽም ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው የልብ ምልክት ሰጣቸው። ከዚያ አንዲት ሴት ሠርጌ ላይ እንዲቆም የምፈልገው ሌባ የለኝም ብላ በሹል ቃል መለሰች፤ ይህ ይሉኝታ ነው ስንቱን ልጅ ክሬዲት አልባ ያደረገው አለች። እሳቸው አልተቆጡም። ልጄ፣ ያልሽው እውነት ነው፣ ግን ዘመድ መቁረጥም ዋጋ አለው ብለው መለሱ።

2 ቁጥር ሕጉን ነገረቻቸው። ሽምግልናው ቢሳካ እንኳ ሰብሳቢውን አያስገድደውም። አጎቱ ከፈለም አልከፈለም ሒሳቡ በልጅቷ ስም እንደተበላሸ ይቆያል። ስርቆት ነው ከተባለ ግን መንገድ አለ፤ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን አይደንቲቲ ቴፍት በሚለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሪፖርት ይሞላል፣ እሱን ከመታወቂያ ጋር ለቢሮዎቹ ሲልኩት የተሰረቀውን ሒሳብ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ከሪፖርቱ ማገድ አለባቸው። ሒሳቡ የተከፈተበትን ማመልከቻ ኮፒም ከድርጅቱ በነፃ መጠየቅ ይቻላል። ግን ማን እንዳደረገው እያወቁ አላውቅም ብሎ መሙላት አይቻልም። ውሸት ሪፖርት ራሱ ወንጀል ነው። ይህን ስትጽፍ ክሩ ትንሽ ዝም አለ። ልጅቷ እስካሁን ምን እንደወሰነች አልተናገረችም፤ የሷ ጉዳይ ነው።

የኔ አስተያየት? ክሬዲቷን ዛሬውኑ ትዝጋ። ፍሪዝ ማድረግ ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው፣ አጎቷን መክሰስ አይጠይቅም፣ ሌላ ሒሳብ እንዳይከፈትባት ያደርጋል። የቀረውን ቀስ ብላ ታስብበት።

13. ከዱባይ የመጣ መልስ። እናንተ ሕግ አላችሁ ብላ ጀመረች። እዚያ በመታወቂያዋ ሲም ካርድ ያወጣችላት ጓደኛዋ አገር ቤት ገብታ ቀርታለች፤ የስልክ ሒሳቡ እሷ ላይ ቀርቷል። በዕዳ ምክንያት ከአገር እንዳይወጡ የሚታገዱ ሰዎች ስላሉ ቲኬት ለመቁረጥ ፈርታለች። ከኛ ውስጥ የዚያን አገር ሕግ የሚያውቅ አልተገኘም። መጀመሪያ ሲሙን ስሟ ላይ ካለው ዝርዝር አዘጊ የሚል ምክር ብቻ ነው የተሰጣት። እዚያ የሚኖር ሰው ካለ እባካችሁ መልሱላት።

14. ጋሼ ተመለሱና ስለ ድሮ ቁራኛ ማውራት ጀመሩ። ባለዕዳና አበዳሪ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ሲውሉ ሲያድሩ የነበረበትን ዘመን። ርዕሱን ትተን ብዙ ሰው በዚህ ተጫወተ። አንዱ የዛሬው ሰብሳቢም ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ነው የሚያድረው አለ። 5 ቁጥር ግን ቀልድ አያውቅም፤ ሕጉ ላይ በሰባት ቀን ውስጥ ስለ አንድ ዕዳ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወል እንደ ጥሰት ይቆጠራል፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም አይደወልም ብሎ አስተማረን። በሐበሻ ሰዓት መጻፉ ደስ አለኝ።

15. ዕቁብ የበላ ሰውስ? ይህ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም ነበር። ዕቁቡን አንደኛ ወስዶ የጠፋ ሰው ላይ ዳኛው እየደወለ ነው፤ ዳኛው በሕጉ ሰብሳቢ ይባላል ወይ? 2 ቁጥር ሳቀችና መለሰች። የ1977ቱ ሕግ የሚገዛው የሌላውን ሰው ዕዳ መሰብሰብ ሥራው ያደረገውን ነው። የራሱን ገንዘብ የሚጠይቅ በአብዛኛው አይነካውም። ሜሪላንድ ግን የራሷ ሕግ አላት፤ የራሱን ዕዳ የሚጠይቅንም ከማስፈራራትና ከማዋከብ ትከለክላለች። ይህን ያለችው ለዕቁብ ዳኛው ነው ወይስ ለኛ፣ አላውቅም።

16. እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። የፃፈው ሰው ዉድብሪጅ ነው የሚኖረው፣ የኔው ስቴት። እሱም የማያውቀው ዕዳ መጥቶበት ልክ 1 ቁጥር እንዳለው ዝም አለ። አንድ ቀን በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። ቨርጂኒያ ውስጥ የዕዳ ክስ መጥሪያ ስሙ ዋራንት ኢን ዴት ነው። ዋራንት የምትለዋን ሲያይ ሊያስሩኝ ነው ብሎ ደነገጠ። አንድ ወዳጁ ደግሞ አሜሪካ በዕዳ አይታሰርም፣ አጭበርባሪዎች ናቸው ቅደደው አለው። ግማሹ እውነት ነው፤ በዕዳ አይታሰርም። ግን መጥሪያው የእውነት ነበር። ቀኑ ላይ አልሄደም። ፍርድ ቤቱ ባልተገኘበት ፈረደበት፤ ከዚያ ደሞዙ ላይ መጡ። በፌደራል ሕግ ከተጣራ ደሞዝ እስከ 25 በመቶ ድረስ መያዝ ይቻላል። ያልበላውን ዕዳ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ውሳኔውን ለማሰረዝ አሁን ነፃ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጥ ድርጅት ጋር እየሠራ ነው።

2 ቁጥር ከዚህ በታች የጻፈችው ቁጣ ያለበት ነው፤ ያን ያህል ጨዋ የነበረች ሴት። ደብዳቤን ችላ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የፍርድ ቤት ወረቀትን ችላ ማለት ሌላ። ዕዳው ያንተ ባይሆንም፣ ዕድሜው ያለፈበት ቢሆንም፣ ሰውየው ሌላ ቢሆንም፣ ቀርበህ ካልተናገርክ ዳኛው አያውቅልህም። እነዚህ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት ተከሳሽ ስለማይመጣ ነው። ቨርጂኒያ ከሆንክ ወረቀቱ ላይ ባለው ቀን ቅረብ። ሜሪላንድ ከሆንክ መጥሪያው በደረሰህ 15 ቀን ውስጥ እከራከራለሁ የሚለውን ቅጽ መልስ። እውነተኛ መሆኑን ከተጠራጠርክ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ትተህ የካውንቲውን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ራስህ ፈልገህ ደውል። 1 ቁጥርን በስም ሳትጠራ፣ ዝም በል የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው ክፍያውንም ይጋራ አለች። የሲያትሉ ሰው ከዚያ ወዲህ አልታየም፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

17. አንድ የቤት ብድር ላይ የሚሠራ ወንድም የሚስቴን ጭንቀት አነሣ። ሪፖርቱ ላይ ክርክር ላይ ያለ ሒሳብ የሚል ምልክት ራሱ ብድሩን ሊያዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ለብድር ሠራተኛው ሳትደብቅ አስቀድመህ ንገረው። ሒሳቡ ከተሰረዘ በኋላ ማስረጃውን ይዞ የክሬዲት ነጥብህን ቶሎ የሚያሳድስበት መንገድ አበዳሪው አለው፤ አንተ በራስህ ልትጠይቀው አትችልም። ዳላስ ውስጥ እንዳልኖርክ የሚያሳይ የዚያን ጊዜ የኪራይ ውልህን፣ ደብሊው ቱህን (አሠሪ የሚሰጠውን የዓመት ደሞዝ ወረቀት) እና የመንጃ ፈቃድህን ታሪክ አሰባስብ አለኝ። ወረቀቱን መሰብሰብ ከባድ አልነበረም፤ ባለቤቴ ምንም አትጥልም።

18. የደረሰውን ለመናገር ተመልሼ ጻፍኩ። ለሰብሳቢው በሰርቲፋይድ፣ ለቢሮው ደግሞ ፋይሉ ተቀላቅሏል ብዬ ከማስረጃ ጋር ላክሁ። ቢሮው በሕጉ 30 ቀን አለው። ቀኑ ሳያልቅ የዳላሱ አድራሻና መጋዘኑ ተነሥተዋል፤ ዕዳውም ወጥቷል። ሰብሳቢው ደግሞ ፋይሉን ዘግተናል የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ ላከ። ይቅርታ የሚል ነገር የለበትም። 9 ቁጥር ክሰሳቸው፣ በሕጉ እስከ 1,000 ዶላርና የጠበቃ ወጪ ይገኛል ይላል። 2 ቁጥር ደግሞ ደብዳቤህን ካገኙ በኋላ መሰብሰብ ቀጥለው ቢሆን ኖሮ አዎ፤ ካቆሙ ግን ቤትህን ግዛ አለች። ክስ ለመመሥረት አንድ ዓመት ብቻ እንዳለም ጨመረች። ቤቱን መርጫለሁ።

6 ቁጥር ግን ገና አላለቀም ትላለች። ሰብሳቢው ዘጋ ማለት ዕዳው ጠፋ ማለት አይደለም፤ አከራዩ ለሌላ ሰብሳቢ ይሰጠዋል ወይም ይሸጠዋል፣ ገዢውም ያንኑ ስምና ጃንዋሪ 1 ይዞ ይፈልጋል። ያኔ ዘግተናል የሚለው ደብዳቤ ከሁሉ ይበልጣል። ስካን አድርጌ፣ የፖስታውን ካርድ ጨምሬ፣ ለባለቤቴም በኢሜይል ልኬዋለሁ።

19. የመጨረሻው የመኪና ኢንሹራንስ ቨርጂኒያ ይረክሳል ወይስ ሜሪላንድ የሚል ነው። ወንድሜ፣ ለሱ ሌላ ክር ክፈት።